ከባሕር የወጣውን የት እንብላ? ሬስቶራንት፣ ጥብስ ቤት፣ ገበያ ወይስ ጀልባ

ጉዞው ሦስት ቀን ነው እንበል። ተረጋግታችሁ የምትመገቡት ቢበዛ አምስት ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ቀን ምሳ መንገድ ላይ ያልፋል። የመጨረሻው ቀን ቁርስ ሻንጣ ሲሸከፍ ያልቃል። ከባሕሩ የወጣ ነገር የምትቀምሱበት ዕድል ከምታስቡት በላይ ጥቂት ነው። ለዚህ ነው የት እንደምትበሉ ቀድሞ ማሰብ የሚያስፈልገው።

ባሕር ያለበት ቦታ በሄድኩ ቁጥር በአራት መንገድ በልቻለሁ። ውሃው ፊት ለፊት የሚታይበት ሬስቶራንት ገብቼ፣ ወደብ አጠገብ ካለ ትንሽ ጥብስ ቤት፣ ከዓሣ ገበያ ገዝቼ ራሴ አብስዬ፣ ከአጥማጆች ጋር ጀልባ ላይ ወጥቼ። አራቱም የየራሳቸው ቀን አላቸው። ለሁሉም ግን አንድ መለኪያ አለኝ። «ዛሬ ምን ገባ?» ብዬ እጠይቃለሁ። መልሱን የሚያውቅ ሰው ካለ እቀመጣለሁ። «ሁሉም አለ» ከተባልኩ ወደሚቀጥለው በር እሄዳለሁ።

ውሃው ፊት ለፊት ያለ ሬስቶራንት

የሬስቶራንቱ ትልቁ ጥቅም ወንበሩ ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እናቴን ይዣት በሄድኩ ጊዜ ጉልበቷን ያማት ነበር። ጥላ፣ መደገፊያ ያለው ወንበርና ቅርብ መጸዳጃ ቤት ያስፈልጋት ነበር። ትንንሽ ልጆች ለያዘ ሰውም እንደዚያው ነው። ጀንበር ስትጠልቅ እያየ መብላት የፈለገም ከዚህ የተሻለ ቦታ አያገኝም።

ጉዳቱ ለምግቡ ብቻ ሳይሆን ለእይታውም መክፈላችሁ ነው። ሜኑውን ስትቀበሉ መጀመሪያ ርዝመቱን እዩ። አርባ ዓይነት የባሕር ምግብ ዓመቱን ሙሉ የሚያቀርብ ቤት አብዛኛውን ከፍሪዘር ነው የሚያወጣው። ፍሪዘር የገባ ዓሣ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። መርከብ ላይ እንደተያዘ ወዲያው በረዶ የተደረገ ዓሣ፣ «ትኩስ» እየተባለ ሦስት ቀን ከከረመው ይሻላል። ግን እሱን ለመብላት ይህን ሁሉ መንገድ መምጣት አያስፈልግም ነበር።

አጭር ሜኑ ሳይ ደስ ይለኛል፤ በተለይ በጠመኔ ተጽፎ በየቀኑ የሚጠፋ ከሆነ። ስትጠይቁት አስተናጋጁ «ቆይ ልጠይቅ» ብሎ ወደ ማብሰያ ቤቱ ከሄደ ጥሩ ምልክት ነው። ዓሣውን በትሪ ይዞ ከመጣ ደግሞ ጨዋታው አለቀ። እኛ ጋ እንደዚያ ይዘው መጡ። እናቴ ሙሉውን ዓሣ ከነጭንቅላቱ ስታየው «ልጄ፣ እኔን እኮ ነው የሚያየኝ፤ ወዲያ አዙሪልኝ» አለች። እኔ ግን የፈለግኩት ያንን ዓይን ማየት ነበር።

ምክንያቱም ዓይኑ ይናገራል። ጥርት ያለና ጎላ ያለ ከሆነ ቅርብ ጊዜ የተያዘ ነው። ፈዞ ወደ ውስጥ ከገባ ቆይቷል። የሚተነፍስበትን ስንጥቡን ገለጥ አድርገው ያሳዩአችሁ፤ ደማቅ ቀይ ወይም ሮዝ ይሁን። ወደ ቡናማ ካደላ ተዉት። ሥጋውን በጣት ጫን ስታደርጉት ጉድጓዱ ወዲያው መልሶ መሙላት አለበት።

ሽታውም አለ። ትኩስ የባሕር ዓሣ የባሕር ውሃ ይሸታል እንጂ «ዓሣ ዓሣ» አይልም። የባሕር ዓሣ ሰውነት ውስጥ የጨዋማውን ውሃ ጫና እንዲቋቋም የሚረዳው ሽታ የሌለው ውህድ አለ። ዓሣው ሲሞት ባክቴሪያዎች ይህን ውህድ ወደ ትራይሜቲላሚን ይለውጡታል። አፍንጫችን የሚያውቀው ያ ከባድ ሽታ እሱ ነው። ሎሚ ሲጨመቅበት የሚቀንሰውም የሎሚው አሲድ ስለሚይዘው ነው። ሎሚውን ለጣዕም ተጠቀሙበት። ገና ሳይቀርብ በሎሚ ተነክሮ የመጣ ዓሣ ካያችሁ ግን ጠርጥሩ።

ሙሉውን ወይስ አጥንቱ የወጣለትን? እኔ ሙሉውን እላለሁ። አጥንቱና ቆዳው ሥጋው እንዳይደርቅ ይይዙታል፣ ዓይንና ስንጥቡንም ታያላችሁ። ለልጆች ከሆነ ግን አጥንቱ የወጣለት ይሁን፤ ጠረጴዛው ላይ ሁሉም በሰላም ይበላል።

ስለ ሆቴል ቡፌ ብዙ አልልም። ለብ ባለ ትሪ ላይ ሰዓታት የቆየ ሽሪምፕ ከመብላት እንቁላል መብላት ይሻላል። አዲስ ትሪ ሲወጣ ካያችሁ ያኔ ተነሱ።

ወደቡ አጠገብ ያለው ጥብስ ቤት

ምርጫዬን አልደብቅም። አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ ምሳችሁን እዚህ ብሉ።

ብዙ ጊዜ ሁለት ጠረጴዛ፣ ጥቂት የፕላስቲክ በርጩማና አንድ የፍም ምድጃ ነው ያለው። ከማልረሳቸው በአንዱ ሴትየዋ ዓሣውን ጎንና ጎኑን በቢላ ሰነጠቀችው። ጨው ብቻ አሸችው። ፍሙ ላይ ስታደርገው ቆዳው መጀመሪያ ተኮማተረ፣ ቀጥሎ ተነፋ፣ ከዚያ እዚህም እዚያም ጠቆረ። ለመገልበጥ አልቸኮለችም። ቆዳው ራሱ ከብረቱ እስኪላቀቅ ጠበቀች። ቀድሞ ከተነካ ይቀደዳል። ስብ ፍሙ ላይ ጠብ ባለ ቁጥር ጭሱ ተነስቶ ዓሣውን ያጥነዋል። በጣት ነው የበላነው። አከርካሪው አጠገብ ያለው ሥጋ ነጭ ሆኖ፣ እርጥበቱን እንደያዘ፣ በየንጣፉ እየተላቀቀ ይመጣ ነበር።

እዚህ «ዛሬ ምን ገባ?» ብላችሁ ስትጠይቁ መልሱ በጣት ይጠቆማል። ጀልባው እዚያው ቆሟል። ዓሣው ሲያልቅ ቤቱ ይዘጋል። ስለዚህ ሰዓት ወሳኝ ነው። ጀልባዎቹ መቼ እንደሚመለሱ ያረፋችሁበት ቤት ጠይቁ። ከዚያ ብዙም ሳትዘገዩ ሂዱ። ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ብትደርሱ የተረፈውን ነው የምታገኙት።

ቤቱ ጠባብ ስለሆነ ብቻ አትፍሩት፣ ትልቅ ስለሆነ ብቻም አትመኑት። እኔ የማየው ዓሣው በረዶ ውስጥ መቀመጡን ነው። በረዶ አጠገብ ሳይሆን በረዶ ውስጥ። ጥሬው የተቆረጠበት ሰሌዳ ላይ የበሰለው እንዳይቀመጥም አያለሁ። በዘይት የሚጠብሱ ከሆነ ዘይቱን ተመልከቱ፤ ከጠቆረና ካረፋ በፍም ይሁንልኝ በሉ። አንድ ነገር አደራ፦ ሽሪምፕ ወይም ሸርጣን የማይስማማው ሰው አብሯችሁ ካለ ዓሣው በተመሳሳይ ዘይት መጠበሱን ጠይቁ። በአለርጂ ጉዳይ ይሉኝታ አያስፈልግም።

ከገበያ ገዝቶ ማብሰል

ማብሰያ ያለው ማረፊያ ከተከራያችሁና ሁለት ሌሊት ካደራችሁ አንዱን ጠዋት ለዚህ ስጡት። ከሁሉም ርካሹ እሱ ነው፤ ከሁሉም የሚያደክመውም እሱ ነው። እንቅልፍ ያሳጣል፣ እጅ ያሸታል። ያም ሆኖ ስለ አንድ ባሕር በአንድ ሰዓት ውስጥ ይህን ያህል የምትማሩበት ሌላ ቦታ የለም። ምን እንደሚያዝ፣ ምን እንደጠፋ፣ ትልቁን ማን እንደሚገዛው ሁሉ ፊት ለፊት ነው።

መጀመሪያ ሳትገዙ አንድ ዙር ዙሩ። የአካባቢው ሰዎች ማን ጋ ተሰልፈው እንደሚጠብቁ እዩ። ቅርፊቱንና ሆድ ዕቃውን ሻጩ ራሱ እንዲያጸዳ አድርጉ፤ እሱ በደቂቃ ይጨርሰዋል፣ እናንተ ግን የተከራያችሁትን ቤት ግድግዳ በቅርፊት ትሞሉታላችሁ። በረዶ ጠይቁና በሁለት ፌስታል አስይዙት። ወደ ቤት ስትመለሱ መንገድ ላይ ቡና አትጠጡ።

ይህን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። አንድ ጊዜ ረፋዱ ላይ ገበያ ደርሼ ቱና ገዛሁ። ሻጩ በረዶው አልቆበት ነበር፤ እኔም ቸኩዬ ነበር። በደንብ አበሰልኩት። ስበላው ምላሴን እንደ በርበሬ ቆንጠጥ አደረገኝ፤ ቅመሙ ነው ብዬ አለፍኩት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ፊቴና አንገቴ ቀላ፣ ራሴን አመመኝ፣ ልቤ ይደልቅ ጀመር። ሐኪም ሲያየኝ የሂስታሚን መመረዝ ነው አለኝ። እንደ ቱና፣ ማኬሬልና ሰርዲን ያሉ ዓሣዎች ከቅዝቃዜ ውጭ ሲቆዩ ባክቴሪያዎች ሂስታሚን ይፈጥሩባቸዋል። አንዴ ከተፈጠረ ማብሰልም ማቀዝቀዝም አያጠፋውም። ዓይኑና ሽታው ደህና መስሎ ሊታይም ይችላል። እነዚህን ዓሣዎች ስትገዙ በረዶ ከሌለ ግዢ የለም።

ሥጋቸው ነጭ የሆኑት ዓሣዎች አብዛኞቹ በዚህ በኩል አያስቸግሩም፤ ለጀማሪ የምመክረውም እነሱን ነው። ቅባታሞቹ ጣዕማቸው ጠንካራ ነው፣ በፍም ላይም አይደርቁም፤ ግን የዕለቱን በዕለቱ መብላት ይፈልጋሉ።

ሲበስል ሥጋው ብርጭቆ መሳይነቱን ትቶ ነጭ ይሆናል፣ በሹካ ሲነካም ይላቀቃል። ቴርሞሜትር ላለው ሰው መሃሉ 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ በቂ ነው። ካላማሪ የሚባለው አጥንት የለሽ የባሕር እንስሳ ግን የራሱ ሕግ አለው። በጣም በጋለ መጥበሻ ከሁለት ደቂቃ በታች፣ ወይም በመረቅ ከግማሽ ሰዓት በላይ። መሃል ላይ ያወጣችሁት እንደሆነ ጎማ ታኝካላችሁ። መስል የሚባለውን ጥቁር ዛጎል ከገዛችሁ ደግሞ ከመብሰሉ በፊት የተከፈተውን መታ መታ አድርጉት። ካልተዘጋ ሞቷል፣ ይጣል። በስሎም አልከፈት ያለውን አትታገሉት።

ልጆች ካሉ ሎብስተር ወይም ሸርጣን ሲቀቀል ጠርታችሁ አሳዩአቸው። ጥቁር ሰማያዊ የነበረው ቅርፊት ልጆቹ እያዩት ቀይ ይሆናል። ቀዩ ቀለም አስታክሳንቲን ይባላል። ድሮውኑ እዚያው ነበር፤ በሕይወት እያለ አንድ ፕሮቲን ጨብጦ ቀለሙን ይቀይረዋል። ሙቀቱ ፕሮቲኑን ሲፈታው ቀዩ ይወጣል። ሆዷ ሥር እንቁላል የታቀፈች ሸርጣን ወይም ሎብስተር ካያችሁ ግን አትግዟት። ብዙ አገር መያዟም ክልክል ነው።

ደግሞ አንድ መሃል መንገድ አለ። አንዳንድ ገበያ ጎን የገዛችሁትን ተቀብለው የሚያበስሉ ሰዎች አሉ። ይህን ካገኛችሁ ሳትመርጡ አትለፉ። ምርጫው የእናንተ፣ እጁ የባለሙያ ነው።

ጀልባ ላይ

ምግቡን ብቻ ካያችሁት ጀልባው ከአራቱ የመጨረሻው ነው። አንዳንዴ ምንም አይያዝም። ሲያዝም ሽንኩርት እንኳን ላይኖር ይችላል። እንደ ትዝታ ካያችሁት ግን የሚወዳደረው የለም። መንጠቆው ሲጎተት መዳፍ ላይ የሚሰማው ያ ንዝረት ከዓመታት በኋላም አይጠፋም።

የሞገድ ማቅለሽለሽ ያለበት ሰው ራሱን ባያስገድድ ይሻላል። መሞከር ከፈለጋችሁ ማለዳውን ምረጡ፣ ብዙ ጊዜ ነፋሱ ረገብ ይላል። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከመሳፈሩ በፊት ይውሰድ፤ ከጀመረ በኋላ ብዙም አይረዳም። ዓይናችሁን አድማሱ ላይ ጣሉ፣ ስልክ አታንብቡ። የሕይወት ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይ አትውጡ።

የያዛችሁትን ሁሉ ለመብላት አትጓጉ። ሞቃታማ ባሕሮች ላይ ኮራል ሪፍ (ባሕር ውስጥ ያለ የኮራል ዓለት) አካባቢ የሚኖሩ ትልልቅ ዓሣዎች፣ ለምሳሌ ባራኩዳና አንዳንድ ግሩፐር፣ ሲጓቴራ የሚባል መርዝ ሊይዙ ይችላሉ። መርዙ የሚጀምረው ኮራሉ ላይ ካለ ረቂቅ አልጌ ነው። ትንሹ ዓሣ ይበላዋል፣ ትልቁ ትንሹን ይበላል፣ እየተጠራቀመ ይሄዳል። አይሸትም፣ ጣዕም የለውም፣ እሳትም አያጠፋውም። የትኛው ዓሣ ከየትኛው ቦታ እንደማይበላ የሚያውቀው እዚያ ያደገ አጥማጅ ነው። «ይኼን እኛ አንበላውም» ካለ ውይይቱ እዚያ ላይ ያበቃል።

ትንንሾቹን ወደ ውሃው መልሱ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው ሪፖርት እንደሚለው ከተገመገሙት የባሕር ዓሣ ክምችቶች 37.7 በመቶው ከመጠን በላይ የተጠመዱ ናቸው። ያ ቁጥር እጃችሁ ላይ ከሚንፈራገጠው ጣት የምታህል ዓሣ ጋር ሲገናኝ ስሜቱ ሌላ ነው።

ጥሬ ነገር ሲመጣ

ጥሬ ዓሣ ላይ የተጨመቀ ሎሚ መልኩን ይለውጣል፣ ጥገኛ ትሉንና ባክቴሪያውን ግን አይገድልም። ጥሬ መብላት የምትወዱ ከሆነ ለጥሬ ተብሎ የተዘጋጀ ዓሣ የሚያቀርብ፣ ሥራውን የሚያውቅ ቤት ምረጡ። እነሱ ዓሣውን አስቀድመው በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ለቀናት ያቆዩታል፤ ትሉን የሚገድለው ያ ነው። የቤት ፍሪዘር ብዙ ጊዜ እዚያ ቅዝቃዜ አይደርስም። ከገበያ በገዛችሁት ዓሣ አትሞክሩት።

ኦይስተር የሚባለው ባለ ዛጎል እንስሳና መሰሎቹ ውሃውን እያጣሩ ነው የሚመገቡት። ውሃው ውስጥ ያለው ጀርም እነሱ ውስጥ ሊቀር ይችላል። ጥሬ ኦይስተር ለነፍሰ ጡር፣ ለአረጋዊ፣ ጉበቱን ለሚያመው ሰው አይሆንም፤ ውሃው በሚሞቅበት ወቅት ደግሞ አደጋው ይብሳል። ከድንጋይ ላይ ራሳችሁ ለቅማችሁ መብላትማ ጨርሶ አይታሰብ። አንዳንድ አልጌ ሲበዛ ዛጎሎቹ ውስጥ የሚጠራቀመው መርዝ በማብሰል አይጠፋም። ነፍሰ ጡር እናቶች ሻርክና ሰይፍ ዓሣ ቢቀርብላቸውም ይለፉት፤ ሜርኩሪያቸው ብዙ ነው። ሰርዲንና ሽሪምፕ በስለው ሲቀርቡ ጥሩ ናቸው።

ለማን የቱ?

ከወላጅ ጋር ከሆናችሁ ሬስቶራንቱ፤ ግን በምሳ ሰዓት፣ ወረፋው ሳይበዛ። ሁለት ሆናችሁ አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ ጥብስ ቤቱ። ጓደኛሞች ሆናችሁ ቤት ከተከራያችሁ ገበያው፤ አንዱ ይገዛል፣ አንዱ ያበስላል፣ አንዱ ሳህን ያጥባል። አሥር ዓመት ያለፈው ልጅ ካላችሁ ጀልባውን አትከልክሉት። ሦስት ቀን ካለ ገበያውን በሁለተኛው ቀን አድርጉት። የመጀመሪያው ቀን ሰፈሩን ታውቃላችሁ፣ በሦስተኛው ሐሳባችሁ መንገድ ላይ ነው።

ይዞ ስለመመለስ

ፎቶ፣ ዛጎል፣ ደብተር ወይስ አሠራሩ? ይህም ምርጫ ነው።

ሊንዳ ሄንከል የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ሙዚየም ውስጥ ገሚሱን ዕቃ ፎቶ እንዲያነሱ፣ ገሚሱን ዝም ብለው እንዲያዩ አደረጉ። ፎቶ ያነሱትን ያስታወሱት አንሶ ተገኘ። ካሜራውን አቅርበው አንዱን ክፍል ብቻ ሲያነሱ ግን ትዝታው አልተጎዳም። እኔ ከዚህ የወሰድኩት ልማድ ቀላል ነው። ጠረጴዛውን በሙሉ አላነሳም። አንድ ነገር መርጬ ቀረብ ብዬ አነሳለሁ፤ የጠቆረውን ቆዳ፣ ወይም የእናቴን ጣቶች አጥንት ሲለዩ። ከዚያ ስልኩ ቦርሳ ይገባል።

ዛጎልና ኮራል አትልቀሙ። ባዶ ዛጎል ለሌላ ፍጡር ቤት ነው። ኮራልና አንዳንድ ትልልቅ ዛጎሎች ደግሞ በዓለም አቀፍ ስምምነት ንግዳቸው ቁጥጥር ይደረግበታል፤ አየር ማረፊያ ላይ ሊያስይዟችሁ ይችላሉ።

እኔ የምመክረው አሠራሩን ይዞ መመለስ ነው። ሽታ ወደ አንጎል የሚሄድበት መንገድ አጭር ነው፤ ስሜትንና ትዝታን የሚይዙት ክፍሎች አጠገብ ነው የሚደርሰው። ቤት ተመልሳችሁ ዓሣ በፍም ስትጠብሱ ያ ከሰዓት በኋላ ሳትጠሩት ይመጣል። ስለዚህ ስትበሉ ጠይቁ። ጨው መቼ ነው የሚደረገው? ፍሙ ምን ያህል ሲነድ ነው የሚጣደው? የዚህ ዓሣ ስም ማነው? አብዛኛው ሰው ሥራውን ሲጠይቁት ደስ ይለዋል።

እኔ ለዚህ ብዬ የምይዛት ትንሽ ደብተር አለችኝ። የዓሣውን ስም የምጽፈው እኔ አይደለሁም፤ ለሻጩ ወይም ለጠባሿ እሰጣታለሁ። በራሳቸው ፊደል፣ በራሳቸው እጅ ይጽፉልኛል። የዚያች ሴትዮ ገጽ ላይ ጣቷ ያረፈበት የዘይት ምልክት አለ። እናቴ ልጠይቃት በሄድኩ ቁጥር ደብተሯን ትገልጥና «ይቺ ናት አይደል፣ ቆዳው እስኪላቀቅ የጠበቀችው?» ትለኛለች።